መብራቱ ሲሳሳ እንጀራው በምን ይጋገር? የምጣድ ጉልበት ሒሳብ (የመድረክ ውይይት ክር)

ጉልቻ (ክሩን የጀመረ)

የኃይል ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ተንደርድሮ ነዳጅ ማደያና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያርፋል። ጥር 2016 ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ ሌላ ርእስ የለም። እኔ ከምጣድ ልጀምር። በአገራችን ለምግብ ማብሰያ ከሚወጣው ጉልበት ግማሹንና ከዚያም በላይ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። እንጀራ ገዝቶ የሚበላም ቢሆን ያው የሌላ ሰው ምጣድ ነው የሚያሞቀው።

ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። የነገሥታቱ ከተማ ከቦታ ቦታ ይዞር የነበረበት አንዱ ምክንያት በዙሪያው ያለው እንጨት ማለቁ ነበር። አዲስ አበባም ገና ሳትጠና ማገዶዋ አልቆ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ድንኳን ነቅሎ የሚኬድበት ባዶ ደን የለም፤ ስለዚህ ሒሳቡን እዚሁ መሥራት ግድ ነው።

መነሻዬ ይኸው፤ የሚያርም ያርም። ከ58 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ 3.5 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። ለአንድ እንጀራ 450 ግራም ገደማ ሊጥ ይፈሳል። ሊጡን ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪበስል ማሞቅና 100 ግራም ያህል ውኃ ማትነን ተደምሮ 340 ኪሎ ጁል ይመጣል፤ በቆጣሪ ቋንቋ ከ0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ያነሰ። ማሰሱን፣ ማፍሰሱንና ማውጣቱን ጨምሮ አንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ተኩል ቢወስድ ግን ቆጣሪው 0.2 ይቆጥራል። ግማሹ በላሜራው ግርጌና አክንባሎ በተነሳ ቁጥር ይሄዳል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ማሞቂያው አለ። ሸክላው 10 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 200 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 0.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃው ነበር፤ 15 ደቂቃ ስናሞቀው ግን 0.9 እንከፍላለን። ለ24 እንጀራ፦ 4.8 ሲደመር 0.9፣ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት።

አቋሜ አንድ ነው፦ ምንጩን ከመቀየር በፊት የሚባክነውን ሙቀት ማሳነስ። ከሰል፣ ሶላር፣ ባዮጋዝ፣ ግድብ ሁሉም ገደብ አላቸው፤ አንዱን በሌላው ስንተካ ገደቡ ቦታውን ይቀይራል። የት እንደሚሄድ በቁጥር የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።


ታዛቢ

ህዳሴን የሚያክል ግድብ ይዘን ስለ እጥረት ክር መክፈት! 5,150 ሜጋ ዋት እኮ ነው። ችግራችን ማከፋፈል ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜ ሲሰጠው ይስተካከላል።


መስመር ዘርጊ

ታዛቢ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግን 5,150 የሚባለው ተርባይኖቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ሲዞሩ ነው። በዓመት የሚጠበቀው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ቢዞር ከሚያመነጨው 35 በመቶ ያህሉ ነው። የዓባይ ውኃ በክረምት የሚመጣ ነው፤ ሐይቁ አጠራቅሞ ያከፋፍለዋል እንጂ አይጨምርለትም።

በጉልቻ ቁጥር እንሂድ። በሳምንት ሁለት ጊዜ 5.7 ከሆነ አንድ ምጣድ በዓመት 593 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። መስመር ላይ የሚጠፋውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ እንኳ ህዳሴ ብቻውን 21 ሚሊዮን ምጣድ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ላንተ ነው የፈረድኩት።

አሁን ጫፉን እይ። 1.5 ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጠዋት ቢሰካ 5,250 ሜጋ ዋት ነው፤ ህዳሴ በሙሉ አቅሙ እየዞረ እንኳ አይበቃውም። የበዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሰፈር ስትወርድ ደግሞ ይብሳል። ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይጫንበት 57 ምጣድ ብቻ ነው የሚሸከመው። ስንት ሰፈር ነው ከ57 በላይ ምጣድ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ የጫነው?

ትራንስፎርመሩ ሲጨናነቅ ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ ቮልቴጁ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የምጣድ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 ወደ 180 ሲወርድ 3.5 ኪሎ ዋት የነበረው 2.3 ይሆናል፤ አንድ ሦስተኛው ሄደ። ከምጣዱ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ለእንጀራው የሚተርፈው ከሦስተኛም በላይ ይቀንሳል። ምጣዱ አይግልም፣ ዓይኑ አይወጣም፣ እንጀራው ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ እያንዳንዱ እንጀራ 6 እና 7 ደቂቃ ይፈጅና ሁሉም ሰው ምጣዱን ለረጅም ሰዓት ሰክቶ ይቆያል። ያ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ባሰ ያጨናንቀዋል። አዙሪት ነው።

ለጊዜው ያለው መድኃኒት ሰዓት መከፋፈል ነው። በሌሊት 10 ሰዓት ወይም ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚጋገር እንጀራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንጀራ በጉልበት ይረክሳል። ጎረቤታሞች ቀን ቢከፋፈሉ ሰፈሩ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይጠብቅ ይተነፍሳል።


ሸክላና ሽቦ

የመስመር ዘርጊን ነገር ከምጣዱ በኩል ልቀጥል፤ ብዙ ጉልበት የሚባክነውም ሰው የሚሞተውም በጥገና ጉድለት ነው።

ሽቦው። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል፤ በቴስተር ሲለካ 13.8 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ ጫፍ ለጫፍ ይጠመዝዘዋል። አንድ አምስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ 11 ኦም ይቀራል፣ 20 አምፒር ይስባል፣ 4.4 ኪሎ ዋት ሆነ ማለት ነው። «ከጥገና በኋላ በጣም ጋለልኝ» የሚባለው ይህ ነው፤ ጥሩ ሥራ ይመስላል። ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ሽቦው ያለ ዕድሜው ድጋሚ ይበጠሳል፣ የእንጀራው ጀርባ ያርራል። ከጥገና በኋላ በቴስተር ሳይለካ አትረከቡ። ከ12.5 ኦም በታች ካሳየ ሽቦው አጥሯልና ሙሉ ሽቦ ይቀየርለት። የተጠመዘዘ መገጣጠሚያ ደግሞ ራሱ ይግላል፤ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ይግባበት።

ገመዱ። ከቆጣሪ እስከ ምጣድ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በታች አይሁን። ርቀቱ ከ15 ሜትር ካለፈ 4 ካሬ ይሻላል። ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ መጋገር እሳት መጥራት ነው። ለምጣዱ የራሱ 20 አምፒር ብሬከር፣ ላሜራው ላይ ደግሞ የመሬት ሽቦ የግድ ነው። እጅ በሊጥ ርሶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ፣ ሽቦው ላሜራውን ከነካ የሚያድን ሌላ ነገር የለም።

ግርጌው። በርካሽ የሚሸጡት ምጣዶች ከሸክላው በታች ያለው ክፍት አየር ነው ወይም ትንሽ ጥጥ መሳይ ፋይበር ጣል ተደርጎበታል። ምጣዱ እየሠራ እጃችሁን ከላሜራው ግርጌ አጠገብ ያዙት፤ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ የምትከፍሉበት ሙቀት እዚያ ነው። የተነፋ ደረቅ አመድ ወይም የሙቀት መከላከያ ሱፍ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢሞላበት ጥሩ ለውጥ አለው። አመዱ እርጥበት እንዳይኖረው፣ ከሽቦውም ጋር እንዳይነካካ ሸክላው ራሱ ሽቦውን በደንብ መሸፈን አለበት። አመድ እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

አክንባሎ። ጠርዙ የማይገጥም አክንባሎ እንፋሎቱን ያስወጣል፤ እንፋሎቱ ደግሞ የተከፈለበት ሙቀት ነው። ለማየት ብሎ መክፈትም ይቅር። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ማብሪያውን አጥፉ፤ 10 ኪሎ ሸክላ የያዘው ሙቀት ይጨርሳቸዋል። ከዚያ በኋላም በርበሬ ማድረቅ ይችላል።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበት። በጎመን ዘር ደጋግሞ በለሆሳስ ሙቀት ነው የሚሟሸው። በአንዴ አግሎ ቀዝቃዛ ሊጥ ማፍሰስ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ደግሞ እስከ ሽቦው ይወርዳል።


የሰፌድ ዳር

ሸክላና ሽቦ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ጥያቄ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚጋግሩበት ትንሹ ምጣድ 1,500 ዋት ብቻ ነው፣ ሸክላም አይደለም። እኛስ ለምን ወደዚያ አንሄድም?


ሸክላና ሽቦ

እቴ፣ ያ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ ከእኛ ምጣድ 44 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለተመሳሳይ ስፋት ሲሰላ ያው 3,400 ዋት ነው። እንጀራው ስለሚያንስ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ ሳህኑ ቀጭን ብረት ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል። ለስድስት ሰባት እንጀራ ብቻ ለሚጋግር ቤት ይህ ልዩነት አለው። ለ24 እንጀራ ግን ማሞቂያው ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ትርፉ ትንሽ ነው። ቀጭን ሳህን ደግሞ ሊጥ ሲፈስበት ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ሸክላ ግን ያጠራቀመውን ሙቀት ይለግሰዋል። የዓይኑ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።


ደን ጠባቂ ዘአዊ

ከሰልን ማንም ሳያነሳ እንዳያልፍ። መብራት ሲጠፋ ከተማው ዘሎ የሚይዘው እሱን ነው።

በባህላዊው በአፈር በሚሸፈን ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ሰባት እንበል። ሰባት ኪሎ ደረቅ እንጨት 112 ሜጋ ጁል ገደማ ይይዛል፣ የሚወጣው አንድ ኪሎ ከሰል 29። ሦስት አራተኛው ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኗል። ከዚያ ከሰሉ ላቀች በምትባለው የተሻሻለች የከሰል ምድጃ ሩቡ ያህል ብቻ ድስቱ ጋ ቢደርስ፣ ከ112ቱ ውስጥ ወጥ ያበሰለው 7 ነው። ያው እንጨት በደንብ ተፈልጦና ደርቆ ጠባብ የእሳት ጉሮሮ ባለው የእንጨት ምድጃ ቢነድ ከ28 እስከ 30 ያደርሳል። አራት እጥፍ! ከሰል የተወደደው ቀላል፣ ጭስ አልባና ለመጫን ስለሚመች ነው፤ በዛፍ ቁጥር ግን ከሁሉም ውዱ ነው።

ማክሰል ካልቀረ እንዴት ይክሰል? እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ይድረቅ። እርጥብ እንጨት የራሱን ውኃ ለማትነን ራሱን ያቃጥላል። ክምሩ ጠበቅ ብሎ ይደርደር፣ ቀጫጭኑ በመሃል ክፍተቶቹን ይሙላ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ አየሩ ከታች በጥቂት ቀዳዳ ብቻ ይግባ። ጭሱን እያዩ ነው የሚሠራው፦ ነጭና ወፍራም ሲሆን ውኃ እየወጣ ነው፤ ቀጥሎ ቢጫ ግራጫ ይሆናል፤ ስስ ሰማያዊ ሆኖ ሊጠራ ሲል ከሰሉ ደርሷል፣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈን። እዚህ ላይ ለግማሽ ቀን መዘንጋት ክምሩን አመድ ያደርገዋል። የሽፋኑ አፈር ሲሰነጠቅ ወዲያው መለሰን ነው። ጭስ ማውጫ ጨምሮ አየሩን የሚቆጣጠር የተሻሻለ ክምር ምርቱን ወደ 25 እና 30 በመቶ ያደርሰዋል።

አሁን ወደ ጉልቻ ነጥብ። አዊ ዞን፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ተክሎ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ በማክሰል ኑሮውን ለውጦ ነበር። ነገሩ ሲታይ እንከን የለውም፦ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ዛፉ ናይትሮጅን ያስገባል፣ አሲዳማው መሬት ያገግማል፣ የተፈጥሮ ደኑ ይተርፋል። ስለ ደን ማገገም ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው አዊን ነበር። ከዚያ ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ሳለ የዋግ በሽታ መጣና ተክሉን በሰፊው መታው። ዘዴው መጥፎ አልነበረም፤ ያልነበረው ተጠባባቂ ነው። አሁን የሚተክል ሰው ዲከረንሱን ከግራርና ከባሕር ዛፍ ጋር በየክፍሉ ይለያይ፣ ከማሳውም ግማሹን ለዚህ አይስጥ።

ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ይህን በየክረምቱ መድገም አለብን።


ታዛቢ

እሺ፣ ከሰሉም አይሆንም፣ መስመሩም አይሆንም። ፀሐይስ? 13 ወር ፀሐይ እያልን አይደል የምንኖረው። ሶላር ገዝቶ መገላገል ነው።


የጣሪያ ላይ ሰው

ወንድም ታዛቢ፣ ፓነሉ አይደለም ችግሩ። አዲስ አበባ በአማካይ በቀን 5 ያህል የጠራ ፀሐይ ሰዓት ብታገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማምረት ሦስት ባለ 550 ዋት ፓነል ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያጥራል፣ አራት በላቸው።

ጉዳዩ ምጣዱ ያንን ሁሉ በ100 ደቂቃ ውስጥ መጠየቁ ነው። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ ለመጋገር 3.5 ኪሎ ዋት በዚያች ቅጽበት መምጣት ስላለበት ቢያንስ ስምንት ፓነል ያስፈልጋል፣ ደመና ካለፈም እንጀራው ከመሃል ይቀራል። በባትሪ ከሆነ፦

ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ በስሙ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በላይ ስለማይወሰድበት 1.2 ቁጠሩት። የኢንቨርተሩን ብክነት ጨምሮ 6.3 ስለሚያስፈልግ፣ በ48 ቮልት አሠራር አራት አራት እየሆነ ስለሚገጠም ስምንት ባትሪ ይሆናል። ያ ሁሉ በሁለትና ሦስት ዓመት ይቀየራል። በሊቲየም ከሆነ ሁለት ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ይበቃሉ፤ 80 በመቶውን ብትጠቀሙ 8.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ ባለ 5 ኪሎ ዋት ይሁን፣ ቁጥሩ የማያቋርጥ ጉልበቱ መሆኑን ጠይቁ እንጂ ለቅጽበት የሚችለውን አትዩ። ብዙ ኢንቨርተር ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ አቅሙ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ ላላችሁ ይህ ወሳኝ ነው።

በ12 ቮልት ኢንቨርተር ምጣድ ለመሞከር የምታስቡ፣ ተዉት። ከባትሪው የሚወጣው ከ300 አምፒር ያልፋል፤ መያዣው ላይ ትንሽ ቢላላ ገመዱ ይነዳል።

ለሙያው ብናገር፣ ሶላርን ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለውኃ ፓምፕ ተጠቀሙበት። ሙቀት ከባትሪ ማውጣት በጣም ውድ ነው። ፓነሉ 25 ዓመት ይቆያል፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ግን በውጭ ምንዛሪ እየተገዙ የሚተኩ ናቸው። ጉልቻ «ገደቡ የት ይሄዳል» ላለው፣ እዚህ ላይ ወደ ባንክ ነው የሚሄደው።


ግንበኛው

የባዮጋዝና የምድጃ ሥራ ስለማውቅ ለገጠርና ለከተማ ዳርቻ ልጻፍ።

ባዮጋዝ። ስንዱ የሚባለው ከመሬት በታች የሚገነባው ሞዴል ባለ 6 ሜትር ኩቡን እንውሰድ። በቀን 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ሌሊት በበረት የሚያድሩ አራት አምስት ከብቶችና ሁለት ጀሪካን ውኃ ማለት ነው። ከዚህ ቢበዛ 1.6 ሜትር ኩብ ጋዝ ይወጣል። ደጋ ላይ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ጉድጓዱ ላይ አፈር በደንብ ይጫን የሚባለው፣ ጉልላቱ በጋዙ ግፊት እንዳይሰነጠቅም ያግዛል።

ወጥ፣ ሻይ፣ ሽሮ በሚገባ ይሠራል። እንጀራ ላይ ግን ይቸግራል። ጋዙ በድምር ያንሳል ማለቴ አይደለም፤ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት 0.4 ሜትር ኩብ ገደማ ሲያነድ፣ ምጣድ ደግሞ የዚያን ሁለት እጥፍ፣ ያውም በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ እኩል ተበትኖ ይፈልጋል። መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ሊጥ ይቀራል፣ ወደ መጨረሻ ግፊቱ ወርዶ እሳቱ ይደክማል። ለእንጀራ የተሠራ ሰፊ ማንደጃ ከሌለ አትድከሙ።

የቆሙትን ጉድጓዶች ስትመረምሩ የምታገኙት ተመሳሳይ ነው። ውኃው ሩቅ ስለሆነ እበቱ ወፍሮ ገብቶ መግቢያው ተደፍኗል። ከብት ተሽጦ መመገብ ቀርቷል። ወይም ቱቦው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ተጠራቅሞ ጋዙን ዘግቷል፤ እሳቱ ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ የውኃ ማጠራቀሚያውን ቧንቧ ክፈቱ። የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀብታችሁ ማፍሰሱን እዩ። መድኃኒት የተወጋ ከብት እበትና የበረኪና ውኃ አታስገቡ፣ ጋዙን የሚሠሩትን ተሕዋስያን ይገድላሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ሳይለኮስ ይለቀቅ።

ምርጥ ምድጃ። ማገዶ ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ስሚንቶ 1 እጅ፣ የተነፋ ቀይ አሸዋ ወይም ፑሚስ 4 እጅ አካባቢ። ተራ የወንዝ አሸዋ ከባድ ነው፣ ሙቀትም ይውጣል። ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ሆኖ ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ። ቸኩሎ እሳት የገባበት ምድጃ በወሩ ይፈርሳል። ምጣዱ ከመግዛታችሁ በፊት ይለካ፤ በምጣዱና በግድግዳው መሃል ያለው ክፍተት በጭቃና በአመድ ይደፈን፣ ያ ጭቃ በየጊዜው ይታደስ። ትልቁ ጥፋት ትላልቅ ግንድ ለማስገባት አፉን መስበር ነው። አፉ ከሰፋ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ቁጠባውም አብሮ ይወጣል። ከጀርባ በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣድበት።


ታዛቢ

ስለዚህ ቴክኖሎጂ ዋጋ የለውም ልትሉኝ ነው? ማጭድ እንያዝ?


ጉልቻ (ክሩን የጀመረ)

ማንም አላለም። የመስመር ዘርጊ ሰዓት መከፋፈል፣ የሸክላና ሽቦ 5 ሳንቲ ሜትር አመድ፣ የግንበኛው ምድጃ ቴክኖሎጂ ናቸው። ጥያቄው መሣሪያው ከምን ላይ እየወሰደ እንደሆነ ማየት ነው።

የሐረማያን ሐይቅ እይ። የሞተር ፓምፕ በየማሳው ገባ፣ ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ ተሳበ፣ የሐረር ከተማም የመጠጥ ውኃዋን ከዚያው ትቀዳ ነበር፣ ደለሉም ሞላው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ፓምፑ አልተበላሸም፤ በሚገባ ሠራ፤ ሐይቁ ከሚሞላበት ፍጥነት በላይ ስለሠራ ነው። በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ የተኛበት ክፍል አለ፣ ግን አሳቡ ያው ነው።

ግድብም እንደዚያ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከላይ የሚታጠበው አፈር የውኃ መያዣውን ክፉኛ ቀንሶበታል። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ነው በቻይና ድጋፍ የታደሰው። ደለሉ የሚመጣው ደግሞ ከተራቆተው ተራራ ነው፤ ተራራው የተራቆተበት አንዱ ምክንያት ማገዶ። ምድጃ ማሻሻል ግድብ መጠበቅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ኩበትም ይቆጠር። 1,000 ኪሎ ደረቅ ኩበት 15 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፣ ከ33 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ጋር የሚመጣጠን። እሱን አንድደን በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዩሪያ እንገዛለን። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ዋጋ ሲንር ጤፉም አብሮ ይንራል። የባዮጋዝ ትልቁ ጥቅም ለኔ እሳቱ አይደለም፣ ከመውጫው የሚገኘው ዝቃጭ ማዳበሪያነቱን ይዞ ወደ ማሳ መመለሱ ነው።


የሰፌድ ዳር

ከወንዶቹ ሒሳብ የተረሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ የድስቱ ጉዳይ። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳይዘፈዘፉ አይጣዱ። ከዚያ ድስቱ በደንብ ፈልቶ ከድኖ ለ10 ደቂቃ ይቆይ፤ ቦሎቄ ግን እነዚያን 10 ደቂቃዎች በኃይል መፍላት አለበት፣ ጥሬው መርዝ አለው፣ ለብ ባለ ሙቀት አይጠፋም። ከዚያ ከእሳት አውርዶ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ በተጠቀጠቀበት ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ ከነክዳኑ ቀብሮ በአሮጌ ጋቢ መጠቅለል። በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ይበስላል፣ ያለ እሳት። ድስቱ ሙሉ ሲሆን ነው የሚሠራው፤ ግማሽ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሥጋ ያለበት ከሆነ ሲወጣ እንደገና ይፍላ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት አይሆንም፤ እሱ የሚፈልገው እሳትና ትዕግሥት ነው፣ መላ አይገኝለትም።


የጣሪያ ላይ ሰው

ጋሽ ጉልቻ፣ ማሞቂያውን ለመቆጠብ በሳምንት ሁለት ጊዜ 12 ከመጋገር አንድ ጊዜ 24 ይሻላል ማለት ነው? በቁጥርህ 6.6 ወደ 5.7 ይወርዳል።


የሰፌድ ዳር

እኔ ልመልስ፣ ጋሼ ይቅርታ። በቁጥር ልክ ነው፤ እንጀራው ግን ሳምንት አይቆይም። ደጋ ላይ አራት አምስት ቀን፣ ቆላ ላይ ሦስት ቀን ካለፈ ይሻግታል፤ 12 እንጀራ ከተጣለ የተቆጠበው ሁሉ ከነጤፉ ሄደ። የሚሻለው ሁለት ጎረቤት ሊጣቸውን በአንድ ቀን አድርሰው በአንድ ምጣድ ተከታትለው መጋገር ነው። ማሞቂያው አንዴ ይከፈላል፣ እንጀራውም ትኩስ ይበላል። አብሲቱን በሁለት ሰዓት ያህል ካላራራቁት ግን የሁለተኛዋ ሊጥ ተራዋ እስኪደርስ ኮምጥጦ ይጠብቃታል።


መስመር ዘርጊ

ማን ስንት እንደጨረሰች ለመካፈል ከቆጣሪው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር መዝግቡ። ማቀዝቀዣና የውኃ ማሞቂያ በዚያ ሰዓት ይነቀሉ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ የምጣዱ አይሆንም። 24 እንጀራ ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ካስቆጠረ ወይ ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይ ግርጌው ባዶ ነው። ቴስተሩን አብሪ ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን ምጣዱ እየጋለ ሳለ እዚያው ቤት ሌላ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ለኩ፤ ከ200 በታች ካሳየ ምጣዱን ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ሰዓት ቀይሩ።